ማስያዣዬን ስለሚጠብቁልኝ

ለተከበሩ አከራዬ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ውል ስለማደስና ምስጋና ስለማቅረብ

ጋሼ፣ ውላችን ሊታደስ ስለሆነ አስቀድሜ ላመስግንዎ። ስገባ ያስያዝኩት የአንድ ወር ኪራይ እስከ ዛሬ ከእጅዎ አልወጣም። እንዲህ ያለ ጥብቅ አደራ ጠባቂ ከየት ይገኛል?

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሁሉ ነገር መወደዱን አስረድተውኛል፤ ስለዚህ ኪራዩ ይጨምራል፣ ማስያዣውም በአዲሱ ኪራይ ልክ «ይሟላል»። ገብቶኛል። ያልገባኝ የኑሮ ውድነቱ ጠባይ ነው። እኔ ስከፍል በዛሬ ዋጋ ያሰላል፤ እርስዎ ሲመልሱ ግን ብሩን በገባበት ቀን ቁጥር ይሰጠኛል። ባንክ ባስቀምጠው በዓመት ቢያንስ 7 በመቶ ይወልድልኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ መውለዱ ቀርቶ ራሱም እየመነመነ ነው።

ደግሞስ ይመለሳል? የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን እርጥበት ያውቁታል። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ «አበላሽተሃል» ተብሎ ማስያዣው ለቀለም ተቆረጠ። እኔ ስገባ እርጥበቱ እዚያው ነበር፤ ቀለሙ አልነበረም። ስወጣም እኔ እከፍልበታለሁ። ጋሼ፣ በግቢያችን እንደዚያ እርጥበት ቋሚ ገቢ ያለው ሠራተኛ የለም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። እርስዎ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ወረዳ ያስመዘገብነው ውል ላይ ይህ ሁሉ ተጽፏል። የምንተዳደረው ግን በረንዳው ላይ በቃል በተነጋገርነው ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

1. ማሟያ ከመጠየቅዎ በፊት እጅዎ ላይ ስንት እንዳለኝ በአዲሱ ውል ላይ ይስፈር፤
2. የቤቱን ሁኔታ አሁኑኑ አብረን ፎቶ እናንሳ፣ እርጥበቱ እኔን እንዳይወርሰኝ፤
3. ሲቆርጡ ደረሰኝ ያሳዩኝ። ቀለሙን ባላየው እንኳ ዋጋውን ልወቀው።

ከሰላምታ ጋር
ተከራይዎ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ቤቶች አስተዳደር (ከሚያውቀው ውል ጋር እንዲያያዝ)
ለደላላው (ይህ ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ ሌላ ቤት ሳያስፈልገኝ ስለማይቀር)