ጋብቻችንን ለመረመረው ክቡር የእንግዳ መቀበያ ጽሕፈት ቤት

በፍሎሪዳ አገር፥ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ ለሚገኘው የመዝናኛ መናፈሻና ሪዞርት የእንግዳ መቀበያ ጽሕፈት ቤት፤

ክቡራን ሆይ፥

እኔ በአገሬ ሳለሁ የአማርኛ መምህር የነበርሁ፥ ዛሬ ግን በዋሽንግተን ከተማ መካከል ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ቲኬት የምቆርጥ ሰው ስሆን፥ ሰውን መቀበልና መሸኘት የዕለት እንጀራዬ እንደ መሆኑ መጠን፥ የሥራችሁን ድካምና ክብር ከብዙ ሰው ይልቅ እንደማውቅ በትሕትና አስታውቃለሁ። የቤታችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ ያልጠራሁትም ስለ ፍርሃት አይደለም፤ በዚያ አውራጃ የልስን ግንብና የላስቲክ ዘንባባ ተክለው እንግዳ የሚጠብቁ ቤቶች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፥ ደብዳቤው የደረሰው ሁሉ «ለእኔ ይሆን?» ብሎ ጥቂት ቢጨነቅ የምጠላ ሰው ባለመሆኔ ነው።

ዋልት ዲስኒ በ1960ዎቹ ዓመታት ማንነቱን ሰውሮ፥ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም እያስገዛ፥ ረግረግና ጫካ ከነበረው ከዚያ ምድር ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሰበሰበ በኋላ፥ እርሱ ራሱ በ1966 ቢሞትም፥ ተከታዮቹ በኦክቶበር 1 ቀን 1971 የመናፈሻውን በር እንደ ከፈቱት የታወቀ ነው። (የዘመን ቁጥር ነገር ኋላ ስለሚያጣላን፥ እነዚህ ዓመታት በእናንተ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።) የእናንተ ቤት በዚያ ታላቅ ስም ጥላ ሥር ዘግይተው ከበቀሉት አንዱ ነው፤ አይጡም ቤተ መንግሥቱም የሌላ በመሆናቸው፥ እናንተ የባሕር ወንበዴዎችን መርጣችሁ፥ ከሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ መርከብ አቁማችሁ ትኖራላችሁ። ወንበዴነታችሁን በአደባባይ ማወጃችሁን ስመለከት ቅንነታችሁን አደንቃለሁ።

እኔና ባለቤቴ በጥር 21 ቀን 1992 ዓ.ም.፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ እሑድ ማለዳ በሥርዓተ ተክሊል ተጋባን። ይህም በእናንተ ዘመን ጃንዋሪ 30 ቀን 2000 መሆኑ ነው። ልጆቻችን ገና ሕፃናት ሳሉ፥ እናታቸው በአረጋውያን ቤት ሌሊት ሌሊት እየሠራች «አንድ ቀን ኦርላንዶ እንወስዳችኋለን» እያለች ተስፋ ስትሰጣቸው ኖረች፤ ተስፋው ሳይፈጸም ልጆቹ አደጉ፤ ካደጉም በኋላ ነገሩን ገልብጠው፥ ለ25ኛው ዓመታችን፥ ለብር ኢዮቤልዩአችን ማለት ነው፥ እኛን ሊልኩን ወሰኑ። «የጋብቻ በዓል ፓኬጅ» የተባለውን መርጠው በእናታቸው የባንክ ካርድ ቦታ ያዙ፤ ገንዘቡን ግን ከደመወዛቸው አዋጥተው መለሱላት። በዝርዝሩ የሐይቁን ፊት የሚያሳይ ባለ አንድ ሰፊ አልጋ ክፍል፥ ኬክ፥ ከርችቱ ትይዩ የተዘጋጀ የሁለት ሰው ገበታ፥ እንዲሁም «የጋብቻ በዓላችንን እያከበርን ነው» የሚል በደረት የሚለጠፍ ባጅ ተጽፎ ነበር። ከዝርዝሩ ግርጌ፥ ዓይን በሚፈትን ደቃቅ ፊደል፥ የበዓሉን ቀን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ሊጠየቅ እንደሚችል ተመልክቷልና፥ ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ ምስክር ወረቀት፥ ለኤምባሲ ካስተረጎምነው ቅጂ ጋር፥ በፕላስቲክ ሸፍና ያዘች። ከዚህ በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን፥ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ቨርጂኒያን፥ ሁለቱን ካሮላይናዎችና ጆርጂያን አቋርጠን፥ የጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፥ በእናንተ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025፥ ረቡዕ ዕለት፥ ከፊታችሁ ቆምን።

የተቀበለችን ልጅ ጨዋ ነበረች። ጥፍሮቿ እጅግ የረዘሙና ሐምራዊ ቀለም የተቀቡ ስለ ነበሩ፥ የኮምፒዩተሩን ቁልፎች በጣቶቿ ጎን እየዳሰሰች ትጽፍ ነበር፤ ይህን ጥበቧን ቆሜ አደነቅሁ። ቦታው በባለቤቴ ስም የተያዘ በመሆኑ፥ ኮምፒዩተራችሁ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ለእኔም አድሎኝ ኖሮ፥ ልጅቱ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በአማቴ ስም «ሚስተር» ብላ ስትጠራኝ፥ አማቴ ከመቃብር ተነሥተው ከኋላዬ የቆሙ መስሎኝ ዞር አልሁ። መንጃ ፈቃዴን ባሳየኋት ጊዜ ግን ፊቷ ጨለመ፤ በመዝገቡ ላይ የአማቴ ልጅ የሆነ ባል አለ፤ ከፊቷ የቆመው ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም እንደማትጥል አስረዳኋት። ራሷን በትሕትና ነቅንቃ፥ አለቃዋን ጠራች።

አለቃው በቀቀኖች የታተሙበት ክራባት ያሠረ ጎልማሳ ነበር። ምስክር ወረቀታችንን ተቀብሎ፥ ማኅተሙን ወደ ላይ፥ ራስጌውን ወደ ታች አድርጎ ለጥቂት ጊዜ በጥሞና ካነበበው በኋላ፥ ትርጉሙን አነሣ። ተርጓሚው ቀኑን በቁጥር ብቻ 21/05/1992 ብሎ አስፍሮት ነበር፤ ጥር ከመስከረም ሲቆጠር አምስተኛው ወር ነውና። አለቃው በደስታ ፈገግ ብሎ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ሠላሳ ሁለት ዓመት! ነገር ግን በዓላችሁ ሜይ 21 ነበር፤ ስምንት ወር አልፎታል» አለኝ።

እዚህ ላይ፥ ክቡራን ሆይ፥ የቀድሞ መምህርነቴ ተቀስቅሶብኝ፥ ዘመናችን ከዘመናችሁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚል፥ ዓመታችን በመስከረም እንደሚጀምር፥ አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፥ ከአስተርእዮ በዓል ጋር እያያያዝሁ ማስተማር ጀመርሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሕፃናት በፕላስቲክ ሰይፍ እርስ በርሳቸው ይከታከታሉ፤ አንድ አባት ከሳንባው ሥር ይተነፍሳል፤ አለቃውም አንገቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዘንብሎ አሥራ ሦስተኛውን ወር ፈለገ፤ አላገኘውም። በእርሱ ሒሳብ የሄድን እንደ ሆነ፥ ባለቤቴን ያገባኋት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፥ እኔም በዓይኔ አይቻት ሳላውቅ ነበር፤ ይህንንም ነግሬው ነበር፤ ነገሩን እንዳከበድሁት የገባኝ ልጅቱ ቀና ብላ በጥርጣሬ ስታየኝ ነው።

ያን ጊዜ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ጆሮዋ የከበደ ይመስል ድምፁን ከፍ፥ ንግግሩን ቀስ አድርጎ፥ «እመቤቴ፥ እኚህ ሰው ባለቤትዎ ናቸው? የሚያረጋግጡበት ሌላ ነገር አለዎት?» ሲል ጠየቃት። እርሷም ምንም ሳትናገር ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ አሳየችው፤ ሁለታችንም ወርቀ ዘቦ ካባ ለብሰን፥ አክሊል ደፍተን፥ ካህናቱ መስቀል ይዘው በግራና በቀኝ ቆመዋል። አለቃው ፎቶግራፉን አይቶ እጅግ ደስ አለው። በመናፈሻችሁ ውስጥ የንጉሥና የንግሥት ልብስ እያከራየ ፎቶ የሚያነሣ ሱቅ አለና፥ «ኦ፥ ሱቃችንን አስቀድማችሁ ጎበኛችሁት! በጣም አምሮባችኋል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልናገር። ኮምፒዩተሩ ያለ ማስረጃ «ጋብቻ» የሚለውን ስለማይቀበል፥ ባጅ ሳናገኝ እንዳንቀር የራራልን አለቃ ከቀሩት ምርጫዎች መካከል፥ ልደትንና የመጀመሪያ ጉብኝትን ትቶ፥ «የቤተ ዘመድ መገናኛ» የሚለውን መርጦ በደረታችን ለጠፈልን። ሁለት ጠባብ አልጋ ያለው ክፍል፥ ከማእድ ቤቱ ተወዛዋዥ በር አጠገብ የሆነ ገበታ ደረሰን። ኬኩ ቀረ። «ተወው፤ ረቡዕ አይደለም እንዴ? በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ኬክ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ ባለቤቴ፤ ከገበታው ላይ አንድ ብርቱካን አንሥታ ልጣ በላች፤ ሌላም አልቀመሰችም። ማታ በመርከቡ ላይ የወንበዴዎቹ አለቃ ማይክሮፎን ይዞ ባጆቹን እያነበበ እንግዶቹን ሲያስተዋውቅ፥ እኛ ዘንድ ሲደርስ፥ «ከአፍሪካ የመጡ፥ ለዘመናት ተጠፋፍተው የተገናኙ ወንድምና እኅት!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዲት ነጭ ጠጉር አሮጊት መጥታ ባለቤቴን አቅፋ፥ ምን ያህል ጊዜ ተለያይተው እንደ ነበረ ጠየቀቻት። ባለቤቴም መዋሸት የማታውቅ ሴት ናትና፥ እኔ ቀድሜ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ወረቀቷ እስኪያልቅ የተቀመጥንበትን ዘመን አስባ፥ «አራት ዓመት» አለቻት። አሮጊቷ አለቀሰች።

ይህን ሁሉ በፈገግታ ጽፌ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። አልሆነልኝም። ባለቤቴን ባሏ መሆኔን በሰው ፊት ጠየቃችኋት። ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት መንግሥታችሁ ጠይቋታል፤ ቆንስሉ የሠርጋችንን አልበም ገልጦ፥ የሙሽራው ሱፍ ምን ቀለም እንደ ነበረ፥ አማቷ ማን እንደሚባሉ፥ ባሏ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ ጠይቋታል። እርሷም የአንገቷን ወርቅ ሸጣ በከፈለችው ገንዘብ ቀርባ መልሳለች። እርሱ ግን ቢያንስ በሩን ዘግቶ ጠየቃት። ቢያንስ ወንበር ሰጣት። እናንተ ሰይፍ በያዙ ሕፃናት ፊት፥ አንድ ኬክ ላለመስጠት፥ እንደ ሌባ አቁማችሁ ጠየቃችኋት። እኔም አጠገቧ ቆሜ ስለ አሥራ ሦስት ወር እቀባጥራለሁ! ሌሊቱን ከዚያ ጠባብ አልጋ ላይ ሆና ጣሪያውን እያየች፥ «ልጆቹ ሲጠይቁን ጥሩ ነበር በላቸው» አለችኝ። እናንተ ለዚህ ምን ዋጋ ታስከፍላላችሁ? በየትኛው የክፍያ መስመር ላይ ታሰፍሩታላችሁ?

ይቅርታ፥ ክቡራን። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ስለ ቀረው ጉዳይ፥ ስለ መኪና ማቆሚያው ሒሳብ፥ ስለ ውሃው ዋጋ፥ ፀሐይ ላይ ተቁሞ ስለሚጠበቀው ሰልፍ፥ ብዙ ሰው ብዙ ስለ ተናገረ እኔ አልደግመውም፤ በየሌሊቱ «የሪዞርት ክፍያ» እየተባለ ስለሚጨመረው ገንዘብም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናችሁ፥ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የግዴታ ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ተደምሮ እንዲነገር ደንብ አውጥቷልና፥ ለእርሱ ትቼዋለሁ። እርሱ ኬክ ማን እንደሚነፈግ ደንብ አላወጣም።

ነገሩን ረስቼ ለመኖር ቆርጬ ሳለሁ፥ በዚያው በ2025 ሜይ 21 ቀን ከጽሕፈት ቤታችሁ አንድ የመልካም ምኞት መልእክት በኢሜይል ደረሰኝ። ርችትና ልብ የተሣለበት ነው። እኔንና ባለቤቴን፥ አሁን ያለ ምንም ማስረጃ ባለቤቴ ብላችኋታል፥ ለ33ኛው የጋብቻ በዓላችን እንኳን አደረሳችሁ ትላላችሁ፤ ዳግመኛ ብንመጣ ከሒሳባችን ላይ ቅናሽ እንደምታደርጉም ቃል ትገባላችሁ። ሁለታችንም መልእክቱን አንብበን ለረጅም ጊዜ ከመከርንበት በኋላ፥ ለመዝገባችሁ እጅ መስጠት እንደሚሻል ተስማማን። የተጋባነው በ1992፥ በእናንተ ዘመን፥ በሜይ ወር ነው፤ እናንተ ካላችሁ ይሁን።

እንግዲህ ሁላችንም በዚያ ዓመት ላይ ከተስማማን፥ ሒሳቡም በዚያው ዓመት ዋጋ እንዲታሰብልን ይገባል። በመግቢያ አዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ በነሐስ እንደ ተቀረጸው፥ ቤታችሁ የተመረቀው ከ1992 ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው፤ በተባለው ዓመት በስፍራው የነበረው የብርቱካን እርሻ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለክፍሉ፥ ለሁለቱ አልጋ፥ ለመርከቡና ለጭብጨባው የከፈልነውን ሁሉ፥ ባለቤቴ የበላቻትን አንድ ብርቱካን ዋጋ ብቻ ቀንሳችሁ፥ በተከፈለበት ካርድ ላይ እንድትመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ ያጠራጠራችሁ እንደ ሆነም፥ ካርዱ በእርሷ ስም ነውና፥ በአማቴ ስም «ሚስተር» ብላችሁ ጻፉ፤ ይደርሰናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፥

የባለቤቴ ባል