የማን ልጅ ነህ የማይባልበት አገር

ስለ ቪዲዮ ጌም የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ጌሙን ተጫውተውታል። ተጫውቶ የወደደው ለወደደው ይሟገታል፣ ተጫውቶ የተሸነፈው ቂም ይዟል። ከአድልዎ የጸዳ ፍርድ የሚገኘው ኪቦርድ ነክቶ ከማያውቅ፣ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ፉት እያለ አስተያየት ከሚሰጥ ሰው ነው። ይፋግ ደግሞ በዚህ ዓይነት ሰው አትታማም።

ይፋግን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታንና ርብን ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመን ሳይደረስ ያለችው ከተማ ናት። ዛሬ መኪና ውስጥ ያንቀላፋ መንገደኛ ሳያያት ያልፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ተኝቶ የሚያልፋት አልነበረም፤ ገበያዋ በበጌምድር ስሙ የገነነ፣ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ የሚጎርፍበት፣ የፈረንጅ ተጓዥ ሳይቀር በማስታወሻው ያሰፈረው ነበር። ይህን የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም (ለኩራትም ነው)። የገበያ አገር ሰው ምንም ነገር ቢያሳዩት አገላብጦ ጉድለቱን ሳያገኝ ዋጋ እንደማይጠራ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤት ባዋለበት ሰሞን ላፕቶፑ ላይ ስካይሪምን ጭኖ እናቴ ቤት ከተተ። ስካይሪም ቤተስዳ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ ዘንዶ የሚበርበት፣ አስማት የሚወረወርበት፣ ተጫዋቹ ወደ ፈለገው ተራራና መንደር እንደ ልቡ የሚሄድበት ጌም ነው። ፈረንጆቹ ለገበያ ያወጡበትን ቀን ኖቬምበር 11፣ 2011 አድርገው በአስራ አንድ ቁጥሮች አሳምረውታል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ኅዳር 1 ቀን 2004 ሆኖ ቁጭ አለ። ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በ2016፣ በ2017 እና በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንኑ ጌም እያጠቡና እየቀቡ ደግመው ደጋግመው ሸጠውታል። ይህን ሲሰሙ ዕድሜ ልካቸውን እህል የነገዱት ጎረቤታችን አባባ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። «ያንኑ በሬ አራት ጊዜ?» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ነቀፋ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ይህን ጌም ያመልከዋል። ከአዲስ ዘመን በባጃጅ የሚመጣው ጓደኛው ደግሞ እየተጫወተ ይሰድበዋል። የሁለቱ ጭቅጭቅ ጌሙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ተጫዋቹ ሁሉ የሚጨቃጨቀው ነው። አንደኛው «ነፃነት!» ይላል፤ ያየኸው ተራራ ላይ ሁሉ ትወጣለህ፣ ያየኸው በር ሁሉ ይከፈትልሃል፣ ዋናውን ሚሽን ትተህ አበባ ስትለቅም ብትውል ማንም አይናገርህም። ሌላው «ስፋቱ ባሕር ነው፣ ጥልቀቱ ቁርጭምጭሚት» ይላል። ሰይፉ ጠላትን ሲመታ ክብደት የለውም፣ ዋሻው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ዘበኛው ሁሉ ድሮ ጀብደኛ እንደነበረና ጉልበቱን በቀስት እንደተመታ ያንኑ ታሪክ ይተርክልሃል። ፖላንዶች በፈረንጆቹ 2015 ያወጡትን፣ ሦስተኛውን ዊቸር የሚባለውን ጌም ያየ ሰው ወደዚህ አይመለስም ባይ ነው፤ እዚያ ተራ የመንደር ሚሽን እንኳ የሰው ታሪክ አለው ይላል።

በጉልበቱ ጉዳይ ግን አባባ ከዘበኞቹ ጎን ቆሙ። «ነሐሴ ላይ ጉልበቴን የማይል ማን አለ?»

ጨዋታው የሚጀምረው እጁ የታሰረ ሰው በጋሪ ወደ መሰየፊያ ሲወሰድ ነው። ወንጀሉን የሚነግረው የለም። እዚያ ሲደርስ አንድ ወታደር መዝገብ ይዞ ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ተጫዋቹም በዚያች ደቂቃ መልኩን፣ ዘሩንና ስሙን ራሱ ይመርጣል። የእህቴ ልጅ አፍንጫ ሲያስተካክል ረጅም ጊዜ ፈጀ። እናቴ ፈትሏን አስቀምጣ ታየው ነበር።

«የአባቱ ስምስ?»

«የአባት ስም የለውም፣ እማማ። የሚሞላበት ቦታ የለም።»

«አባት የለውም ወይስ ቦታ የለውም?»

ይህን ጥያቄ በአስራ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድም ተጫዋች አንስቶት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ቀጥሎ ወታደሩ የሰውየው ስም ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ ለአለቃዋ ነገራት፤ እሷም ዝርዝሩን ተወው፣ ይሂድና ይሰየፍ አለች። አባባ ሳቁ። ስምህ የለም ከተባሉ በኋላ የሚመጣውን ወረፋ ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ጌሙን ማመን የጀመሩት ያኔ ይመስለኛል።

ስለ ጋሪው ካነሳሁ፣ ከሠሪዎቹ አንዱ በ2021 ያወራው አለ። ጌሙ ሲሠራ ጋሪው አንዳንዴ ያለ ምክንያት ወደ ሰማይ ይተኮስ ነበር። ጥፋተኛዋ ንብ ሆና ተገኘች። ተጫዋቹ ንብ መያዝ እንዲችል ሌላ ስህተት ሲያርሙ፣ ንቧ በምንም ነገር የማትገፋ ሆና ቀረች፤ ጋሪው መንገድ ላይ ሲገጥማት ንቧ ንቅንቅ አትልም፣ ጋሪው ነው የሚበረው። አባባ ቀፎ አላቸውና ይህን እንደ ስህተት አልቆጠሩትም።

ዘንዶው ብቅ ሲል እናቴ «ጊዮርጊስ!» አለች። ዘንዶ በጦር የሚወጋ ጀግና ለይፋግ አዲስ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረሱን ይዞ አለ። ተጫዋቹ ዘንዶውን ገድሎ ነፍሱን ወደ ውስጡ ሲስብ ግን ፊቷ ተለወጠ። «መግደሉስ ይሁን፣ ነፍሱን ለባለቤቱ አይተውለትም?» ከዚያ ወዲያ ለጀግናው ጥሩ ዓይን አልነበራትም። በውጊያ መሐል ጊዜውን አቁሞ አይብ በአይብ ላይ ሲበላ ስታይማ በፍልሰታ ነው ብላ ልታጠፋበት ነበር። የእህቴ ልጅ ሰውየው ክርስቲያን አለመሆኑን በማስረዳት ላፕቶፑን አተረፈ።

የሰፈራችን የኔታ የመጡት በቡሄ ዋዜማ፣ ውጭ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚታዩት፣ ተራራ ላይ የሚኖሩ መነኮሳት ነበሩ፤ ሰባት ሺህ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስባቸው (ተጫዋቾች ቆጥረው ሺህ እንኳ የማይሞላ ሆኖ አግኝተውታል)። ድምፃቸው ከኃይሉ የተነሳ ስለሚያናውጥ ዝምታን መርጠዋል፤ አንዱ ብቻ ነው ከእንግዳ የሚነጋገር። የኔታ ይህን ወደዱት። ፉስ ሮ ዳ ተብሎ ሲጮህ ሰው እንደሚወረወር ሲያዩም አልገረማቸውም፤ በጌምድር ሠርግ ቤት ፉከራ ሲወርድ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ግን የሚፈራው ጥያቄ መጣ።

«ይህን ለመማር ስንት ዓመት ተቀመጠ?»

«ወዲያው ነው የኔታ። መነኩሴው ዕውቀቱን ይሰጠዋል፣ አለቀ።»

ደቡብ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት አገር ናት፤ ሰው ቁራሽ እየለመነ ወጣትነቱን ሁሉ አፍስሶ ነው ከዚያ የሚመለሰው። የኔታ ዝም አሉ። የአዲስ ዘመኑ ልጅ ግን አጋር በማግኘቱ ፈነጠዘ። «እሱማ ምን አላት፣ የኔታ! ዊንተርሆልድ የሚባል የአስማት ትምህርት ቤት አለ። ሁለት ሦስት ድግምት ይዞ ገብቶ፣ ጥቂት ሚሽን ሠርቶ፣ የትምህርት ቤቱ የበላይ ይሆናል።»

«ፊደል ሳይለይ መምህር?»

«የሌቦቹም አለቃ ይሆናል፣ የነፍሰ ገዳዮቹም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ።»

የኔታ ጋቢያቸውን አጣፉና ይህ ጌም ሰነፍ የጻፈው ነው ብለው ፈረዱ። የድሮዎቹ ተጫዋቾች፣ በፈረንጆቹ 2002 የወጣውን ሞሮዊንድ የሚባለውን ጌም የሚያመሰግኑት፣ ብዙ ገጽ ጽፈው የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ እዚያ ማኅበር ውስጥ ለመሾም መጀመሪያ ሙያው ይጠየቃል።

የእህቴ ልጅ ለመከላከል ገበያውን አሳየን። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ ለይፋግ ሰው ገበያ አያሳዩትም። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። ጀግናው ሦስት መቶ የሚመዝን ጓዝ ተሸክሟል፤ ከዚያ ካለፈ ሩጫውን ትቶ መጎተት ይጀምራል። ፈረስ አለው፤ ፈረሱ ግን አንድ ጆንያ እንኳ አይጭንም። ያው ፈረስ ቀጥ ያለ ገደል ሽቅብ ሲወጣ አይተናል፤ የጉናን ተራራ በዚያ መንገድ የሚወጣ ፈረስ ቢገኝ ዋጋውን ለመጥራት የሚደፍር የለም።

«ገደል የሚወጣ ፈረስ ይዞ ዕቃውን በጫንቃው የሚሸከም ሰው ነጋዴ አይደለም» አሉ አባባ።

አንድ ነገር ግን አስደሰታቸው። ባለ ሱቁ ገንዘብ ያልቅበታል። ጀግናው የዘረፈውን ሰይፍ ሁሉ ሊያራግፍ ሲል ሰውየው እጁ ላይ ያለችው ሰባት መቶ ምናምን ወርቅ ታልቅና ግብይቱ ይቆማል። ተጫዋቾች ይህን አጥብቀው ይጠሉታል፤ ብሩን የሚያበዙበት ማሻሻያ ሁሉ ሠርተዋል። አባባ ግን «እውነቱ ይኸ ነው!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ክረምት ላይ የገበያ ሰው ኪስ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው እንደሠራው እርግጠኛ ሆኑ። ወዲያው የእህቴ ልጅ ባልዲ አንስቶ በባለ ሱቁ ጭንቅላት ላይ ደፋበትና፣ ሰውየው ባልዲውን አጥልቆ ቆሞ እያለ ሱቁን አራቆተው። ይህ በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዓይኑ ካልታየ አያይህም። ከኋላዬ ከባድ ጸጥታ ሆነ።

«ባልዲውን ሲደፉብኝ ዝም የምል ይመስልሃል?»

«ጌም ነው፣ አባባ።»

«ጌምም ቢሆን።»

እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ በሚዘረፍበት አገር፣ ሪቨርዉድ በሚባለው መንደር አንዲት ዶሮ ከገደልህ ግን መንደርተኛው ሁሉ ሰይፍ መዝዞ ይወጣብሃል። እናቴ ከጌሙ ሕግጋት ሁሉ ያጸደቀችው ይህንን ብቻ ነው። (አዲስ አበባ የተሠራው ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ላይ ደግሞ ዶሮዋ ራስህ ነህ፤ ከሚያሳድድህ ገበሬ ታመልጣለህ። ከሁለቱ የትኛው ለእኛ እንደሚቀርብ መናገር አያስፈልግም።)

ፖለቲካውም ታየ። አገሩ ዘጠኝ ግዛት ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ጌታ አለው፣ ንጉሡ ተገድሏል፣ ሁለት ወገን ይዋጋል። ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ያስተዳደሩትን ዘመን በአያቶቹ አፍ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት መመሪያ አይሻም። የአዲስ ዘመኑ ልጅ ጦርነቱ በጥቂት ሰው ግብግብ ያልቃል፣ ማንም ቢያሸንፍ ሹሙ ይቀየራል እንጂ ኑሮው ያው ነው ብሎ አማረረ። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳስከፋው አልገባቸውም።

እኔ በበኩሌ ጌሙን የምወደው ለዚያው ለአባት ስም ጉድለቱ ነው። ይፋግ ውስጥ ከመናኸሪያ እናቴ ቤት እስክደርስ የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ መቼ እንደመጣሁ፣ መቼ እንደምሄድና ለምን እንደከሳሁ ሳላስረዳ አልፌ አላውቅም። እዚያ ግን ሰውየው ከተማ ይገባል፣ የሰው ቤት ይከፍታል፣ የሰው አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም። ሚሊዮኖች የገዙት ይህን ይመስለኛል፤ ዘንዶውማ ምርቃት ነው። እናቴ ያንኑ ነገር አይታ አገሩ ባዶ ነው አለች። ይህን ያህል ሰው እየተንቀሳቀሰ ባዶ ነው ማለቷ ለእህቴ ልጅ አልተዋጠለትም።

በመጨረሻ ሊያስታርቃት ብሎ ጀግናውን ዳረው። አንገቱ ላይ የማራ ክታብ የምትባለውን አድርጎ አንዲት ሴት ፊት ቆመ፤ ሁለት ቃል ተነጋገሩ፣ ሪፍተን ቤተ መቅደስ ሄዱ፣ ተጋቡ።

«ሽማግሌ ማን ሄደ?»

«አይላክም።»

«የማን ልጅ ናት?»

«እኔንጃ።»

«እሱስ አባት የለው፤ እሷንም አታውቃትም?»

«ግን እኮ እማማ፣ ሱቅ ትከፍታለች። በየቀኑ መቶ ወርቅ ትሰጠዋለች።»

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። አባባም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሙሽራዪቱ ሱቁን ከየት ባመጣችው ገንዘብ እንደከፈተች፣ ዕቃውን ማን እንደሚያመጣላት፣ መቶው ከትርፍ ይሁን ከመደብ፣ ባለ ሱቅ ሁሉ ብር ባለቀበት አገር እሷ ብቻ እንዴት እንደማይጎድልባት ተራ በተራ ጠየቁ። የእህቴ ልጅ አንዱንም አልመለሰም። ስትሸጥ አይቷት እንደሆነም ተጠየቀ፤ አላየም። መብራት ሄደ፤ ባትሪውም ወዲያው ተከተለ፣ ሠርጉም ሴቭ አልተደረገም።

«ደግ ሆነ» አለች እናቴ፤ «ነገ ሽማግሌ አስልከህ እንደገና ትጀምራለህ።»