ሌላ የምንሄድበት ሱቅ የለም

ሶር ወንዝ የኢሉባቦር ነው። በእሱ ላይ መቱ አጠገብ የቆመው የ5 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አገሪቱ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች። እዚያው ኢሉባቦር፣ እኛ ኖፓ ላይ ግን ሰማዩ ሲጠቁር ሁላችንም ስልካችንን ቻርጅ ለማድረግ እንሯሯጣለን፤ መብራቱ ሊሄድ ነውና።

ኢሉባቦር ዝናብና ደን የሚበዛበት አገር ነው። ቅርንጫፍ በሽቦ ላይ መውደቁ፣ የእንጨት ምሰሶ ሥሩ በስብሶ መዝመሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናቡን ማንም አይወቅሰውም። የሚያንገበግበው ዝናቡ በየዓመቱ ወሩን ጠብቆ እየመጣ ክረምት ሳይገባ ቅርንጫፍ የሚመለምል፣ ምሰሶ የሚቀይር መጥፋቱ ነው። ትራንስፎርመር ከተቃጠለማ ጥበቃው በሰዓት አይቆጠርም።

ኪሳራውን የሚችለው ማን ነው? በቆሎ ተሸክማ ከገጠር የመጣች እናት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ትውላለች፤ ካልሆነም ሳታስፈጭ ትመለሳለች። ባለ ብየዳው የተቀበለውን ቀብድ ይመልሳል። ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ያስቀምጠዋል። የክትባት ፍሪጅ የሚጠብቀው ጤና ባለሙያ ጭንቀቱ ከሁሉም ይብሳል። ኃይሉ ሲመለስም ይዋዥቅና ቴሌቪዥኑን ያቃጥለዋል፤ ካሳ የሚባል ነገር በወሬም አልሰማንም። ታሪፉ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። ኤሌክትሪክ ከወጪው በታች ሲሸጥ ስለኖረ ጭማሪው ምክንያት የለውም አልልም። ግን ዋጋው ቀን ተቆርጦለት ሲያድግ፣ አገልግሎቱስ መቼና በስንት እንደሚሻሻል የተቆረጠ ቀን የታለ?

በ2006 ዓ.ም. አሮጌው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አመንጪና አስተላላፊ፣ ሌላው አከፋፋይ ሆነ። ለእኛ ያው «መብራት ኃይል» ነው፤ ሻጩ አሁንም አንድ ነው። ስልክን እዩ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ሰው ቢያንስ ሲም ቀይሮ ቅሬታውን መግለጽ ቻለ። መብራት ላይ የተናደደ ደንበኛ ወዴት ይሂድ? ደንበኛው እንደማይሄድ የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ሠራተኛውን አልወቅስም፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል በዝናብ ምሰሶ ላይ የሚወጡ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

አዎ፣ በአንድ መንገድ ዳር የሁለት ድርጅት ምሰሶ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። ሙምባይ ውስጥ ግን ነዋሪው በሌላው ድርጅት ሽቦ ላይ ሻጩን የሚመርጥበት ሥርዓት አለ። ኖፓ ሙምባይ አይደለችም፤ ለእኛ ከዚያ ያነሰም ይበቃናል። የመስመር ጥገናው ለአካባቢው ወጣቶች ማኅበራት በጨረታ ይሰጥ፤ ቶሎ የጠገነ ውሉ ይታደስለት፣ ያጓተተ ይነጠቅ። የማስፋፊያ ተራ ያልደረሰው የገጠር ቀበሌ በትንሽ ወንዝ ወይም በሶላር አመንጭቶ ለጎረቤቱ መሸጥ ቢፈልግ ፈቃዱ ሳይንዛዛ ይሰጠው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም እያንዳንዱ ከተማ በወር ስንት ሰዓት ጨለማ እንደነበረ ይለጥፍልን፤ መቱ ከጎሬ፣ ኖፓ ከበደሌ ይወዳደሩ። ከተወሰነ ሰዓት በላይ የጠፋው መብራትም ከወር ሂሳባችን ላይ ይቀነስ፤ ይህም የሚቀጥለው የታሪፍ ጭማሪ ሳይደርስ ይሁን።