የማይከፈተው ጣሪያ

ተረት ተረት! የላም በረት።

በሰሜን ጃፓን፣ ክረምቱ በረዶ በሚከምርባት በሳፖሮ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ትልቅ ስታዲየም ተከፈተ። ቤቱ ለእግር ኳስና ለቤዝቦል የጋራ ነበር። እግር ኳስ የተፈጥሮ ሣር ፈለገ፤ ቤዝቦል በሰው ሠራሽ ምንጣፍ አደረ።

ጣሪያ ሸንጎ ጠራ። «በረዶውን የምሸከም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ንቅንቅ አልልም። መነሣት መቀመጥ የእናንተ የታችኞቹ ዕጣ ነው» አለ። በረዶውን መሸከሙስ እውነት ነበር።

ምንጣፍ ሲጠቀለል ሲዘረጋ ለመኖር ተስማማ። ወንበሮችም መንገድ ሊለቁ እሺ አሉ። ሣር ግን ቀና ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ያለ ፀሐይ እጠወልጋለሁ። ጥቂት ቢከፈቱልኝ ምን ይጎድልብዎታል?» ሲል ጠየቀ።

«ፀሐይ ካማረህ ውጣ!»

ሣር የተተከለበት መድረክ 8,300 ቶን ይመዝናል። ማን ያንሣው? ሸንጎው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከቁጥር ያልገባው፣ ማንም ያልጠራው አየር፣ «ከሥሩ አስገቡኝ» አለ። ገብቶም መድረኩን 7.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረገው። ከአሥር እጅ ሸክም ዘጠኙን እሱ ያዘ፤ የቀረውን 34 ጎማዎች ተካፈሉት። ሣርም በደቂቃ 4 ሜትር እያዘገመ ፀሐይ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲደርስ ይገባል፣ ሲያበቃ ይወጣል።

የሚያሳዝነው፣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያደንቀው ጣሪያውን መሆኑ ነው፤ አየርን ያመሰገነ አልተገኘም።

አንድ ቀን አየር ታገሠ ታገሠና፣ «ጌታ ጣሪያ፣ እኛ ይህን ሁሉ ቶን ተሸክመን ስንመላለስ እርስዎ አንዲት ክፍተት የነፈጉን ስለ ምንድን ነው?» አለ።

«እኔ ከተነቃነቅሁ ቤቱ ይፈርሳል» ሲል መለሰ ጣሪያ። ሣርም፣ ወንበርም፣ ምንጣፍም አመኑት። ከላይ የሚነገር ነገር ለመታመን ጊዜ አይፈጅበትም።

በጎረቤት ከተማ፣ በኪታሂሮሺማ፣ ሌላ ስታዲየም ተሠራ። የሚወርድበት በረዶ ያው የሆካይዶ በረዶ ነው። ጣሪያው ግን እየተንሸራተተ ይከፈታል፤ ሣሩም ከቦታው ሳይነሣ ፀሐይ ያገኛል። ቤቱ አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ2023 የቤዝቦሉ ቡድን የሳፖሮን ስታዲየም ለቆ ወደዚያ ገባ፤ ዛሬ የሚጫወተው በተፈጥሮ ሣር ላይ፣ በሚከፈት ጣሪያ ሥር ነው።