ባሕር ፈላጊው ካሜራ

አገራችን በ1985 ዓ.ም. ባሕር አልባ ከሆነች ወዲህ የዳርቻ ፎቶ የሚያምረው ባለካሜራ መላው ጠፍቶት ከርሟል። አንዱ ታዲያ ሌንሱን አንግቶ አሶሳ ወረደ። ማዕበል የለም፤ ያለው የማንጎ ጥላና የባጃጅ ጩኸት ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅም ያለው ወደ ጉባ ነው፤ በባጃጅ አይደረስበትም።

ፊቱን ወደ አንዲት ማንጎ ሻጭ አዞረ።

«እናቴ፣ ስልክዎን ይደብቁልኝ። ያቺን የፕላስቲክ ወንበርም ገለል ያድርጓት። የቀርከሃ ቅርጫቱ ብቻ ይታይ፤ ባህላዊ እንዲሆን።»

ስልኩን ደበቁ፣ ወንበሩን ገፉ፣ ፈገግም አሉለት። ሲጨርስ ሁለት ማንጎ አነሳ፤ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀው።

«ምነው እናቴ፣ ቅድም እንዲህ ነበር?»

«ቅድምማ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ይሄ ባህላዊው ዋጋ ነው።»