ሩዝ ውስጥ የከረመው ኪቦርድ

ፎገራ ላይ ክረምቱ ሲጠነክር ሰው ዕቃውን ወደ ላይ ያነሣል። እህል ቆጥ ላይ ይወጣል፤ የልጆች ደብተር በፌስታል ታስሮ ከምሰሶ ይንጠለጠላል፤ ጫጩት እንኳ በእንቅብ ሆና መደብ ላይ ታድራለች። እኔ ቁሐር ሚካኤል ለማስተማር የመጣሁት በበጋ ነበር። ሜዳው ደርቆ፣ ዋልካው ተሰነጣጥቆ፣ ጓያው አብቦ ነው ያየሁት። ያ ሜዳ ውሃ ይሆናል ብዬ እንዴት ልገምት? ስለዚህ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ኪቦርድ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። እንዳይረገጥ፣ ጭስ እንዳይነካው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ነው። ከውሃ በቀር ሁሉን አስቤለት ነበር።

ፒያኖ የመማር ምኞት ያደረብኝ በእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ምክንያት ነው። አንድ ሌሊት በሬዲዮ ስሰማቸው መጀመሪያ በገና መሰለኝ፤ ቀጥሎ ሰው ብቻውን ሆኖ የሚያወራ መሰለኝ። ጣታቸው ይሄድና ቆም ይላል፤ ትንፋሽ ወስዶ ይመለሳል። ፒያኖ እንደዚያ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ታሪካቸውን እያሳደድኩ አነበብኩ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከነፃነት በኋላ ካይሮ ውስጥ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በቀን 9 ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ ያጠኑ ነበር። ኋላም ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የጎንደሩ ዘመናቸው ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር በተቀመጡበት ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች እህል ለምነው እየበሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለበጎ አድራጎት ዋለ። እነዚያን ተማሪዎች እኔም በየጠዋቱ አያቸዋለሁ። አኮፋዳቸውን አንግተው በራችን ላይ ይቆማሉ።

እውነተኛው ፒያኖ ለፎገራ አይሆንም። 88 ቁልፎች፣ ከ200 በላይ ጅማቶችና ያንን ሁሉ ውጥረት የሚሸከም ብረት አለው፤ ድምፁን የሚያጎላው ሳንቃ ግን እንጨት ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ቅኝቱም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። የሚቃኘውስ ከየት ይመጣል? እኔም ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሰው ላይ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ በሁለት ወር ደመወዜ ገዛሁ፤ በጋቢ ጠቅልዬም አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ካልወጣ አለ። እኔ ደግሞ የሁለተኛ ሰው ሒሳብ ከፍዬ ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ነጩን ጋቢ አዩና፣ “የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው ወይ ልጄ?” አሉኝ።

“አይደለም እማማ፤ ሙዚቃ መማሪያ ነው።”

“እንግዲያማ አጥብቀህ ያዘው” ብለው የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ሁሉ አንደኛውን ጫፍ እሳቸው ይዘውልኝ ወረድን፤ ይዘውልኝ ወጣን። ስማቸውን ሳልጠይቅ ባሕር ዳር ተለያየን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከወረታ በባጃጅ፣ ባጃጁን ጭቃ ሲይዘው በጋሪ ሆኜ ማታ ላይ ቤቴ ደረስኩ።

መማሪያ መጽሐፌ ከአውራ ጣት ጀምሮ ጣቶችን ከ1 እስከ 5 ይቆጥራል፤ ቀኝ እጅ ይህን፣ ግራ እጅ ያን ያድርግ ይላል። ግራ እጄ ግን ቀኙን ካልተከተልኩ ብሎ አስቸገረኝ። አንዱ ሲወጣ ሌላው መውረድ ሲገባው ሁለቱም ተያይዘው ይወጣሉ። ኪቦርዱ መብራት ሲጠፋ ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዩ ውድ ስለሆነ በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አልነካውም ነበር። ጎረቤት እንዳልረብሽ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስለምለማመድ፣ የቤት አከራዬ እትዬ አንድ ማታ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ድምፅ በሌለበት ጣቴን እያወራጨሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ጠበል ይዘው መጡ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ፊታቸው በራ፤ ጠበሉን ግን አላስቀሩትም፤ ረጩኝ።

በዚያ ሰሞን የሚያጽናናኝ ኃይሉ መርጊያ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ዋሽንግተን ቀርቶ ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። በአገሩ የታወቀ ሰው በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለማንም ሳይሆን ይጫወታል። ከዓመታት በኋላ የድሮ ሥራዎቹ እንደገና ታትመው ዓለም ሲፈልገው ጣቶቹ አልዛጉም ነበር። ግማሽ ሰዓቴን በንቀት እንዳላያት ያደረገኝ እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ቡሄ ካለፈ በኋላ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞሉ። ሌሊት ተኝቼ እጄ ከአልጋው ወረድ ሲል ውሃ ነካ። መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ወዲያው እትዬ “መምህር! ውሃ! ውሃ!” ሲሉ ሰማሁ። ተነሥቼ የጎረቤት ልጆችን ወደ ከፍታው አሻገርን፣ ጥጃ ጎተትን፣ የአንድ አባወራ የዘር ሩዝ በጆንያ ተሸከምን። ኪቦርዱ ትዝ ያለኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ከአልጋው ሥር ሳወጣው በጎኑ ጭቃ ውሃ ፈሰሰ። እህሉ የረጠበበት፣ ማሳው የተዋጠበት ሰው አጠገቤ ቆሞ ሳለ ስለ ኪቦርድ ማልቀስ አይገባኝም ነበር። ግን አለቀስኩ። ያ እህሉ የረጠበበት ሰውዬ ነው ትከሻዬን ይዞ ያጽናናኝ።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው። “ስልክ ሲርስ ሩዝ ውስጥ አይደል የሚቀበረው? ሩዝ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል” አሉ። እውነትም በዚህ ሜዳ ሩዝ የማይገባበት ነገር የለም፤ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። ቆጥ ላይ የተረፈ ኤክስ ጅግና የሚባለው ሩዝ ነበራቸው፤ ያልተፈለፈለ። ሁለት ማዳበሪያ አንድ ላይ ሰፍተን ኪቦርዱን አስተኛነው፤ ሩዙን ከላይ አፈሰስንበት፤ አፉን አስረን አምስት ቀን ተውነው። እኔ በየማታው ማዳበሪያውን በእጄ እዳብስ ነበር።

የተፈለፈለ ሩዝ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። ያልተፈለፈለው አቧራና እብቅ አለው፤ ቅርፊቱም ጠጉራም ነው። ከፍቶ ነፋስ ላይ ማድረቅ ይሻል እንደነበር ያወቅኩት ወረታ ያለ ስልክ ጠጋኝ ኪቦርዱን ሲፈታው ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ለስላሳ ጎማ አለ፤ ጎማው ከሥሩ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ቁልፉ ሲጫን ያ ነጥብ አረንጓዴውን ሰሌዳ ሲነካ ነው ድምፅ የሚወለደው። በጎማውና በሰሌዳው መካከል የፎገራ ደለልና የሩዝ እብቅ ተጋግሮ ነበር። ልጁ ጥጥ በአልኮል እያራሰ 36ቱን ነጭና 25ቱን ጥቁር አንድ በአንድ ጠረገ። ሁለት ቀን ፈጀበት። የጠራው ገንዘብ የሥራውን ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ጨምሬ ልስጥ ብል እንቢ አለ። በመጨረሻ 52ቱ ተናገሩ፤ 9ኙ ዝም አሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ዳር ላይ ያሉ ናቸው። አራቱ ግን መሀል፣ እጄ በሚውልበት፤ ሁለት ፋ እና ሁለት ሲ።

የመጽሐፉ ልምምድ ሁሉ ፋ አለበት። እንደ ጎደለ ጥርስ እጄ እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። አንድ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ፣ ማዳመጫውን ነቅዬ፣ ድምፅ ያላቸውን ነጮች ብቻ እየመረጥኩ መውጣትና መውረድ ጀመርኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ላ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ። እትዬ ደጅ ላይ ሩዝ ያበጥሩ ነበር፤ የሰፌዱ ድምፅ ቆመ።

“ይህማ ትዝታ አይደለም?” አሉ።

ትዝታ ነበር። ትዝታ ሜጀር ፋንም ሲንም አይፈልግም። ጎርፉ የወሰደብኝ ትዝታ የማትፈልጋቸውን ሁለቱን ነው። ወራት ሙሉ የሰው አገር የልጆች መዝሙር ላይ ስታገል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቅኝት እዚያው ነጮቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ማታ ድንጋዩ እስኪደክም ተጫወትኩ። እትዬ ሰፌዳቸውን ይዘው ደፉ ላይ ተቀምጠው አንዳንዴ ያንጎራጉራሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቅኝቶች ፍለጋ ገባሁ። ይህ ያሳለፍኩት ምርጡ ጊዜ ነው፤ ፒያኖ ለመማር የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር እመኛለሁ። ከዶ እስከ ዶ ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ ቅኝታችንም አምስት ድምፅ ነው። ከፋ ቀጥሎ ካለው ጥቁር ተነሥተህ ጥቁሮቹን ብቻ ብትሄድ ትዝታ ነው፤ በሬና በሚ መካከል ካለው ጥቁር ብትነሣ ደግሞ ያው አምስቱ ባቲ ማይነር ይሆናሉ። አምባሰል በነጮቹ ላይ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። የእኔ ፋና ሲ ሞተዋል። ለአምባሰል አንድ ወር ያህል በር ሳንኳኳ ቆየሁ። የተከፈተልኝ በሬ በኩል ነው፤ ሬ፣ ከሚ በፊት ያለው ጥቁር፣ ሶል፣ ላ፣ ከሲ በፊት ያለው ጥቁር። አንዱም የሞተ ቁልፍ አይነካም። በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ስገባ ተማሪዎቼ ሎተሪ የደረሰኝ መስሏቸው ነበር።

አንቺ ሆዬ ለኔን ግን እስከ ዛሬ እንደ ክራር አላደረስኳትም። ክራር ቃኚ በጆሮው እየሰማ ጅማቱን ጥቂት ይስባል፣ ጥቂት ይለቃል። ፒያኖ ከዶ እስከ ዶ ያለውን መንገድ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ቆልፎታል፤ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚኖር ድምፅ ማደሪያ የለውም። ግርማ ይፍራሸዋ ከፒያኖ በፊት ክራር ተጫዋች እንደነበረ ካወቅኩ ወዲህ አምባሰልን በፒያኖ ሲጫወት የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው።

የቀረኝ ጊዜ መጠበቅ ነበር። እጄ ይቸኩላል። ለአጥቢያው መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ስለ ፒያኖ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። “ኅዳር 12 ማኅሌት ቁም” አሉኝ ብቻ። ሌሊቱን ከሊቃውንቱ ኋላ መቋሚያ ተደግፌ ቆምኩ። የተክሌ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ሰውነት ሁሉ ይከተለዋል። አገሩ ሁሉ በቀልዳቸው የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የዚሁ የፎገራ የናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። የጣና ማዕበልና የዳር ደንገል ሲወዛወዝ አይተው ይህን ዝማሜ እንዳመጡት፣ ልጃቸው ተክሌም አስፋፍቶት በስሙ እንደተጠራ ይነገራል። እኔ ያን ሌሊት ደንገሉን አየሁት ብል አልዋሸሁም። ሊነጋ ሲል ወገቤ ቁጥሩን ያዘ። መሪጌታው ጎንበስ ብለው፣ “እግርህን አስቀድም፤ እጅህ ይደርሳል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱ ፊት ከመቀመጤ በፊት ጥቂት ቆሜ እወዛወዛለሁ።

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። ዜናውን በሰማሁ ማግስት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ኪቦርዱን ከቆጡ አወረድኩ፤ አሁን የሚቀመጠው እዚያ ነው። ገና ሳልነካው በሩ ላይ አንድ ትንሽ የቆሎ ተማሪ “በእንተ ስማ ለማርያም” አለ፤ ያንን ረጅም፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ድምፁን ቁልፎቹ ላይ ፈለግኩት። ከሚ ትንሽ ከፍ ይላል። ፋ ነው። ጫንኩት፤ ዝም።

ኪቦርዱ ቅኝቱን ሁሉ ባንድነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማዘዣ አለው። አምስት ጊዜ ከፍ አደረግኩትና ዶን ነካሁ። የልጁ ድምፅ ከዶ ወጣ። ከዚያው ተነሥቼ ትዝታን ቀስ ብዬ ሄድኩባት። ልጁ ልመናውን አቋርጦ ደፉን ይዞ ቆመ። እትዬ እንጀራውን አኮፋዳው ውስጥ ጨመሩለት፤ አልሄደም። “በል ድገመው” አልኩት። ደገመው፤ እኔም ከሥሩ ገባሁለት።