ወራጅ አለ

አንገቴ ላይ ያበጠችውን ነገር መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። «እንቅርት ናት፤ እናቴም ነበረቻት» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኛ አገር፣ አምደወርቅ ላይ፣ ይህ በቂ ምርመራ ነው። መሠረት የለውም አይባልም፤ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ ይራገፍ የነበረው አሞሌ አዮዲን እምብዛም አልነበረውም። አዮዲን የራባት የታይሮይድ እጢ ደግሞ ያለውን ለመቃረም ስትል ታብጣለች። የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚለው ደንብ የወጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።

ሦስት ዓመት በነጠላ ሸፈንኳት። ሎሚ ስታህል አዲስ አበባ ወረድኩ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሆነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! «ከካንሰር ሁሉ ታጋሹ ነው» አለኝ ዶክተሩ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ብዙው ሰው ይድናል።

እኔን የጨነቀኝ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠባሳው ነበር። የአክስቴ ልጅ በስልክ አጥንቶ ጠብቆኛል፦ ያቺ ያዘነበለች ግንብ ያለባት የጣልያኗ ፒሳ ውስጥ በትንሽ ቅድ ካሜራ አስገብተው ያወጣሉ፤ ታይላንዶች ጭራሽ በታችኛው ከንፈር በውስጥ በኩል ገብተው አንገት ሳይነኩ ይጨርሳሉ።

«ዶክተር፣ በከንፈር ቢሆንልኝስ?»

አልሳቀም። ወረቀት ላይ አጭር መስመር አሰመረ፤ ከጎኑ ክብ ሳለ። «ቅዷ ሁለት ሳንቲም፣ እጢሽ አራት። በየት ትውጣ?»

ለካ ትንሽ ቅድ የሚደርሰው በጊዜ ለመጣ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ሎሚ ሳይሆን አንመጣም።

በዋናው መንገድ ተከፈትኩ። ከእጢዋ ጀርባ ድምፅን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ ያልፋል፤ እሱ ስለተነካካ ድምፄ ሹክሹክታ ሆነ። «በሳምንታት ይመለሳል» ተባልኩ። እስኪመለስ ግን ሰው ሁሉ መልሶ በሹክሹክታ ያናግረኝ ጀመር። ሻይ ቤት ያለችው ልጅ ሂሳቡን እንደ ሚስጥር ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ።

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚኒባስ ስመለስ ቤታችን ከከተማው በፊት ነውና «ወራጅ አለ» አልኩ። ዘፈኑ ዋጠኝ። ደገምኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«አባ፣ ወራጅ አለ ይበሉልኝ።»

እሳቸውም በዚያው በሹክሹክታ «ወራጅ አለ» አሉ።

ገበያው መሀል ነው የወረድኩት። የካልሲየም ኪኒኔን በፌስታል አንጠልጥዬ በመጣሁበት መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

እናቴ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን አየች። የእሷ አንገት ከአገጯ በታች እስከ ደረቷ በንቅሳት ተደርድሯል፤ ረድፉ ተቆጥሮ አያልቅም። በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ለካችልኝ።

«ይህችን አንዲት መስመር ለመነቀስ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው?»

መለስኩላት። አልሰማችኝም።